ጀልባዋን በራሳችን እጅ ስለማደሳችን

በማኅበራችን የመጋቢት ወር ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር



ባለፈው መስከረም ከማኅበሩ ሣጥን 1,000 ዶላር ስንበደር ሁለት ነገር ቃል ገብተን ነበር። አንደኛው ገንዘቡን በየሳንቲሙ ልናወራርድ፣ ሁለተኛው ደግሞ ምን እንደሠራንበት እዚህ ቆመን ልንነግራችሁ። ዛሬ የመጣነው ለዚያ ነው። የምታነበው አንዷ ብትሆንም ወረቀቱን የጻፍነው አራታችን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠን፣ እየተከራከርን ነው። ስማችንን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። መጽሔታችን ግን ከእኛ ውጪ ባሉ ሰዎችም እጅ ስለሚገባ በጽሑፉ ውስጥ ባለጀልባዋ፣ ሾፌሯ፣ ነርሷና ልብስ ሰፊዋ እያልን እንቀጥላለን።

አዳዲስ አባላት ስላላችሁ ከመነሻው እንጀምር። የባለጀልባዋ ባለቤት፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ያደገ ሰው ነበር። እዚህ ሲያትል ብዙ ዓመት ታክሲ ነዳ፤ ልጆቹን አስተማረ፤ ከዚያ በኋላ ለራሱ ብሎ የገዛት አንዲት ነገር ይህቺ ጀልባ ናት። 19 ጫማ ርዝመት ያላት፣ የ1998 ሥሪት፣ ያገለገለች። በየበጋው የማኅበራችንን ልጆች በየተራ እያሳፈረ በሌክ ዋሽንግተን ላይ ያዞራቸው ነበር። ዛሬ ኮሌጅ የገቡት ልጆቻችን ብዙዎቹ ዋና የተማሩት «ሳትዋኙ አላሳፍርም» እያለ ስላስቸገራቸው ነው። እሱ ካረፈ በኋላ ጀልባዋ በግቢው ውስጥ፣ ተሳቢዋ ላይ እንዳለች፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ሸራ ለብሳ ቆመች።

ባለፈው ነሐሴ የሟቹ የእኅት ልጅ «እኔ እነዳታለሁ» አለና ሸራው ተነሣ። ሞተሩ ተነሣ፤ ደስ አለን። ባለጀልባዋና ነርሷ አራት ልጆች ይዘው ከሬይኒየር ቢች ማውረጃ ተነሥተው ወደ ሰዋርድ ፓርክ አቅጣጫ ወጡ። ውኃው ጸጥ ያለ፣ ተራራው ጥርት ብሎ የሚታይበት ቀን ነበር።

መጀመሪያ ያስተዋለችው ነርሷ ናት። ከጀልባዋ ጎን ካለች ትንሽ ቀዳዳ ውኃ ይፈስሳል፤ አሁንም ይፈስሳል፤ አያቋርጥም። ልጆቹ «ጀልባዋ ሽንቷን ሸናች» እያሉ ይሳሳቃሉ። ያቺ ቀዳዳ ከጀልባዋ ወለል ሥር የተጠራቀመ ውኃ በፓምፕ የሚወጣባት ናት። አልፎ አልፎ ትፍ ብትል ምንም አይደል። ሳታቋርጥ ስትፈስስ ግን የሚገባው ውኃ ከሚወጣው ጋር እሽቅድምድም ይዟል ማለት ነው። የሞተሩን ክዳን ቢያነሡት ውኃው ከሞተሩ ሥር ደርሶ ይዋልላል። የጀልባዋ ጀርባ ከፊቷ ይልቅ ዝቅ ብሏል። ነርሷ ለልጆቹ ምንም ሳትል የደኅንነት ሰደሪያቸውን አንድ በአንድ አጠበቀች፤ ልጁም መሪውን አዞረ። ፓምፑ ስላልደከመ ደረሱ። ተሳቢዋ ላይ ከወጣች በኋላ የወለሉን ውታፍ ሲነቅሉት ውኃው ፈስሶ እስኪያልቅ ድረስ ልጆቹ አይስክሬማቸውን በልተው ጨርሰዋል።

ይህንን የምንነግራችሁ ለማስፈራራት አይደለም። ከዚያ ጀልባ ላይ ከነበሩት ልጆች የሁለቱ እናቶች እዚህ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠዋል፤ እውነቱን በወቅቱ አለሳልሰን ስለነገርናቸው ዛሬ ሙሉውን ልንነግራቸው ይገባናል።

በማግሥቱ ባለጀልባዋ ጀልባዋን ወደ አንድ ጥገና ቤት ወሰደቻት። ሰውየው አየና 3,600 ዶላር ብሎ ጻፈ። ምን እንደተበላሸ ብትጠይቀው «ባለቤትሽ ይደውልልኝ፣ ለእሱ አስረዳዋለሁ» አላት። ባለቤቷ መሞቱን አልነገረችውም። ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ወጣች። ዋጋው የማጭበርበር ነው አንልም። ሥራው ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ አሁን በራሳችን ጉልበት አውቀነዋል። በዚያው ሳምንት ግን አንድ ሌላ ሰው እንዳለች በ900 ዶላር እንድትሸጥለት ጠየቃት፤ እሷም ልትሸጥ ተነሥታ ነበር። ለእቁብ የተሰበሰብን ቀን ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ሾፌሯ፣ የከተማ አውቶቡስ ከነዳች አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፣ ዝርዝሩን አንብባ «ይሄ እኮ አብዛኛው ጎማና ኩሽኔታ ነው» አለች። ነገሩ በዚህች ቃል ተጀመረ።

እዚህ ላይ የጀልባዋን አሠራር ትንሽ ማስረዳት ያስፈልጋል። ትዕግሥት ስጡን።

ብዙዎቻችን የምናውቀው ሞተር ሁለት ዓይነት ነው፤ አንደኛው ጣና ወይም ሐዋሳ ላይ እንደምናየው ሙሉ በሙሉ ከጀልባው ጀርባ ውጪ የሚንጠለጠለው ነው። ሁለተኛው ደግሞ በትልልቅ መርከብ ውስጥ ተቀብሮ የሚቀመጠው። የእኛዋ ከሁለቱ መሐል ናት። ሞተሩ እንደ መኪና ሞተር ሆኖ ጀልባዋ ውስጥ፣ ከኋላው ወንበር ሥር ይቀመጣል። ፕሮፔለሩን የሚያዞረው ክፍል ደግሞ ከኋላው ግድግዳ ውጪ ውኃ ውስጥ ይንጠለጠላል። ስተርንድራይቭ ይሉታል፤ እኛ «እግር» ብለነዋል። ቮልቮ ፔንታ በ1959 አኳማቲክ ብሎ ለገበያ ካወጣው ወዲህ የተስፋፋ አሠራር ነው። የእኛዋ መርክሩዘር አልፋ ዋን የሚባለው ነው።

እግሩ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሲዞር ጀልባዋን ይመራል፤ ወደ ላይም ወደ ታችም ይታጠፋል። እንግዲህ ጥያቄው እዚህ ላይ ነው። ከሞተሩ የሚመጣው ዘንግ በኋላው ግድግዳ ላይ ባለ ትልቅ ቀዳዳ በኩል ወደ ውጪ ይወጣል፤ ቀዳዳውም ከውኃው ወለል በታች ነው። ውኃው እንዳይገባ የሚከለክለው ምንድን ነው? የታጠፈ ጎማ ነው። የአንጥረኛ ወናፍ ታውቃላችሁ፤ የሚተጣጠፍ፣ የሚሳብና የሚጨመቅ። ልክ እንደዚያ ያለ፣ ሁለቱ ጫፎቹ በፋሼታ የታሰሩ ጎማ ዘንጉን ከብቦ ይቀመጣል። እግሩ ሲዞርና ሲታጠፍ አብሮ ይተጣጠፋል። በዚያች ጀልባ ላይ ልጆቻችንን ከሐይቁ የሚለየው እንግዲህ ያ ጎማ ነበር። ከእሱ ሌላ ሁለት ትንንሽ ወናፎች አሉ፤ አንዱ የጭስ መውጫው፣ ሌላው የማርሽ ገመዱ። የማርሽ ገመዱ ወናፍ ከአውራ ጣት ብዙም የማይወፍር ነው፤ እሱም ከተቀደደ ጀልባ ያሰጥማል።

ልብስ ሰፊዋ አባቷ አዲስ አበባ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ጋራዥ ነበራቸው። ከቤተ መጻሕፍት የተዋስነውን የጥገና መጽሐፍ ስናነብ እንግሊዝኛው አደናገረን። ሾፌሯ «ዩኒቨርሳል ጆይንት» ብላ ታነባለች፤ ልብስ ሰፊዋ ሥዕሉን አይታ «ክሮቸራ!» ትላለች። «ጋስኬት» ሲል ጓርኒሲዮን፣ «ዋሸር» ሲል ሮንዴላ፣ «ነት» ሲል ዳዶ። ጣሊያን ትቶት የሄደው የጋራዥ ቋንቋ፣ ልጅ ሆና ለአባቷ ምሳ ስታደርስ በጆሮዋ የገባ፣ ከአርባ ዓመት በኋላ ሲያትል ላይ ሥራ አገኘ። አባቷ ግን አንድ ቀን እንኳ መፍቻ አስይዘዋት አያውቁም።

ሥራውን የጀመርነው በጥቅምት ወር ቅዳሜ ቅዳሜ ነው። ጎማዎቹን በድንጋይ አስደግፈን፣ ባትሪውን ፈትተን፣ መጀመሪያ የእግሩን ዘይት አፈሰስን። ዘይት ብዙ ነገር ይናገራል። እንደ ማኪያቶ ነጣ ብሎ ቢወጣ ኖሮ ውኃ ወደ ጥርሶቹ ቤት ገብቷል ማለት ነበር፤ ያ ከእኛ አቅም በላይ ስለሆነ እዚያው እናቆም ነበር። ጥቁር ሆኖ ወጣ፤ እልል አልን፤ ጎረቤት ብቅ ብሎ አየን። ፕሮፔለሩን ስናወጣ ደግሞ ዘንጉ ላይ የተጠመጠመ የዓሣ ማጥመጃ ክር አገኘን። ያ ክር እየጠበቀ ከሄደ የዘይቱን መከላከያ ጎማ ይቆርጠዋል። ገና አልቆረጠውም ነበር፤ በመቀስ አወጣነው።

ከዚያ ማርሹን ወደ ፊት አስገብተን (መጽሐፉ ያዝዛል) እግሩን ከግድግዳው ጋር የያዙትን ስድስት ዳዶዎች ፈታን። እግሩ ግን ንቅንቅ አላለም። ዝገት ይዞታል። ነርሷ «በሽተኛ አይጎተትም» አለች፤ ከላይና ከታች እያፈራረቅን፣ በእንጨት እየገፋን፣ አንድ ሰዓት ያህል ታገልነው። ድንገት ሲለቅቅ ከወናፉ ውስጥ ቡናማ የዝገት ውኃ ቦለል ብሎ ሾፌሯ ጫማ ላይ ፈሰሰ። ከመቶ ፓውንድ በላይ የሚከብድ ብረት ነው። ዕቃ መጫኛ ጋሪ ላይ ጣውላ አንጥፈን ባናዘጋጅ ኖሮ የአንዳችንን እግር ይሰብር ነበር።

አሁን ወናፉን በዓይናችን አየነው። ላዩን ስታዩት ጤነኛ ነው፤ ጥቁር፣ ወፍራም፣ ምንም የማይመስል። ልብስ ሰፊዋ እንደ ቀሚስ ሽንሽን በሁለት እጇ ገልጣ ስትዘረጋው ግን በእጥፋቶቹ መካከል የጣት ርዝመት ያለው ስንጥቅ ታየ። ዝግ ሲል አይታይም፤ ሲዘረጋ ይከፈታል። ቀጥ ብላ ስትሄድ ጀልባዋ እምብዛም አታስገባም፤ ስትዞር ትጠጣለች። ለምን ተሰነጠቀ ብትሉ ጥፋቱ የእኛው ነው። እግሩን ወደ ላይ እንዳነሣን ሁለት ዓመት አቆምናት። ጎማ በአንድ ቅርጽ ታጥፎ ሲሰነብት በዚያው እጥፋት ላይ ይሞታል። ስተርንድራይቭ ሲቆም እግሩ ወደ ታች ይለቀቃል። ሟቹ ይህንን ያውቅ ነበር፤ እኛ አልጠየቅነውም።

ከወናፉ በስተኋላ ዘንጉ የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ አለ። ባለጀልባዋ ጣቷን አስገብታ ስታዞረው እንደ ወፍጮ ድንጋይ ተንኮሻኮሸ። ውኃው ቅባቱን አጥቦ አበላሽቶታል። በመንቀያ ጎትተን አወጣነው። አዲሱን ደግሞ ብረት ሲቀዘቅዝ ስለሚኮማተር አንድ ሌሊት ፍሪዘር ውስጥ፣ ከበርበሬውና ከቅቤው ጎን አሳደርነው። ሲገባ የቅባት ቀዳዳው ከቅባት መስጫው ጋር መገጣጠም አለበት፤ ካልተገጣጠመ ግራሶ ብትጨምሩም አይደርሰውም። ሦስት ጊዜ ለክተን ነው የመታነው።

እግሩን ለሁለት ስንከፍለው የውኃ ፓምፑን አገኘን። ይህ ፓምፕ ከሐይቁ ውኃ እየሳበ ሞተሩን ያቀዘቅዛል። ውስጡ ኢምፔለር የሚባል፣ እንደ አበባ ቅጠል ዙሪያውን ክንፍ ያለው የጎማ መዘውር አለ። ሁለት ክንፎቹ የሉም። ጎድለዋል። አዲሱን ከትቶ መሄድ ቀላል ነበር፤ ሾፌሯም ያንኑ ልታደርግ ነበር። ነርሷ ግን እንደ ቀዶ ሕክምና ክፍል «የጎደለው ሳይገኝ አይዘጋም» አለች። ልክ ነበረች። የተቆረጡት ክንፎች ከውኃው ጋር ተጉዘው መስመሩ ጠባብ የሆነበት ቦታ ላይ ይሸጎጣሉ፤ ከዚያ አዲስ ፓምፕ ይዛችሁም ሞተሩ ይግላል። አንዱን ከፓምፑ በላይ ወዲያው አገኘነው። ሁለተኛውን ስንፈልግ ያ ቅዳሜ መሸ፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ ከአንድ ቱቦ መታጠፊያ ውስጥ በሽቦ ጎትተን አወጣነው። ይህ ጎማ ያለ ውኃ ለጥቂት ሰከንድ ቢሽከረከር እንኳ ይቃጠላል። ስለዚህ ማንም ሰው ደረቅ መሬት ላይ «እስቲ ሞተሩ ይሠራ እንደሆነ» ብሎ ቁልፍ እንዳያዞር፤ የአትክልት ቱቦ በሁለት የጎማ ክዳን ከውኃ መሳቢያው ጋር ይገጠማል፣ ከዚያ ነው።

ክሮቸራዎቹን እኛ አልቀየርናቸውም። ማተሚያ ይጠይቃሉ። የእግሩን የላይኛውን ክፍል መኪና ውስጥ ጭነን ወደ አንድ አበሻ ጋራዥ ወሰድነው። ባለ ጋራዡ ከየት እንዳመጣነው ጠይቆ ሳቀ፤ ነገር ግን ግማሽ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ሁለቱንም ቀየራቸው። ገንዘብ አልተቀበለም፤ ድፎ ዳቦ ወሰድንለት። ከውጭ ሰው የጠየቅነው እጅ ይኸው ብቻ ነው፤ ብንጠይቅም አላፈርንበትም።

ከሁሉ የከፋው አዲሱን ወናፍ ማስገባት ነው። አሮጌውን ለማውጣት እንኳ ግራና ቀኝ ያሉትን የማጠፊያ ፒኖች መፍታት ያስፈልጋል፤ እነሱም በሙጫ የተጠመዱ ናቸው። የራሳቸው መፍቻ አላቸው፤ ገዛን። በእሳት ማሞቅ አልደፈርንም፤ ቤንዚን ያለበት ቦታ ነው። ባትሪው እንደተፈታ መሆኑን አይተን፣ ክዳኑን ከፍተን ካናፈስን በኋላ በሙቅ አየር መንፊያ ከውጪ በኩል ቀስ እያልን አሞቅናቸው። ከዚያ ሙጫ ትቀባላችሁ፤ እጅ ላይ የማይጣበቅ እስኪሆን ትጠብቃላችሁ፤ ጎማውን ትገፋላችሁ። ጎማው አንድ ጎን ሲገባ ሌላው ጎን ይወጣል። ሦስት ሰዓት። በመጨረሻ ገብቶ ፋሼታውን ስናጠብቅ፣ እግሩ ሲዞር የሚነካው ቦታ ላይ ብሎኑን አስቀምጠነው ተገኘ። ቢተው አዲሱን ጎማ ራሱ ይበላው ነበር። ፈትተን እንደገና። ልብስ ሰፊዋ ያን ቀን የተናገረችውን እዚህ አንጽፈውም።

አዲስ ኩሽኔታ ከገባ በኋላ ሞተሩ ከእግሩ ጋር ቀጥ ብሎ መቆሙን ማየት ግዴታ ነው። ለዚህ ረጅም የብረት ዘንግ አለ፤ በኩሽኔታው በኩል አልፎ ሞተሩ ውስጥ በሁለት ጣት ግፊት መግባት አለበት። የእኛ አልገባም። የሞተሩን የፊት እግሮች በጥቂቱ ከፍ፣ በጥቂቱ ዝቅ እያደረግን፣ በየጊዜው ዘንጉን እየሞከርን፣ በመጨረሻ ሸርተት ብሎ ገባ። ይህንን የዘለለ ሰው አዲሱን ኩሽኔታ በራሱ እጅ እየገደለ ነው።

እግሩን መልሰን ስንሰቅል የሁለት ጣት ክፍተት ቀረ። ሾፌሯ በዳዶዎቹ ጎትተን እናስገባው አለች። ሦስታችን አልተስማማንም። ጥርሶቹ ሳይገጣጠሙ በዳዶ ከተጎተተ አንድ ነገር ይሰበራል። ባለጀልባዋ ሄዳ ፕሮፔለሩን በእጇ ቀስ አድርጋ አዞረችው፤ «ቀጭ» አለና ክፍተቱ ተዘጋ። ስድስቱን ዳዶ በየተራ፣ በልኬት መፍቻ እስከ 50 ፉት ፓውንድ አጠበቅን። ዘይቱን ከታች ወደ ላይ ሞላነው፤ አየሩ በላይኛው ቀዳዳ እንዲወጣ ነው። ከላይ ሲሞላ መጀመሪያ የሚዘጋው የላይኛው ነው፤ የታችኛው ቀድሞ ከተከፈተ ዘይቱ እግራችሁ ሥር ነው። ዝገት የሚበላላቸውን አኖዶችም ቀየርን። ለጣፋጭ ውኃ ማግኒዥየም ይሻላል ይላሉ፤ ይህቺ ጀልባ ግን አልፎ አልፎ በባላርድ በኩል ወደ ጨው ውኃ ስለምትወጣ ለሁለቱም የሚሆነውን አሉሚኒየም መረጥን።

አንድ ነገር ሳንል አንለፍ። ዕቃ ሲገዛ «የመኪናው ይረክሳል» የሚሉ አሉ። ማስነሻና ዲናሞ የመሳሰሉት የጀልባ ሲሆኑ የእሳት ብልጭታ ወደ ውጪ እንዳይወጣ ተደርገው የተሠሩ ናቸው። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፤ ጀልባዋ ሆድ ውስጥ ይተኛል። የመኪና ዕቃ አንድ ብልጭታ ቢተፋ የሚሆነውን አስቡት። ለዚሁ ነው ሞተር ከመነሣቱ በፊት አየር ማናፈሻው አራት ደቂቃ የሚሠራው። ሾፌሯ ሰዓት ይዛ ትቆጥራለች፤ ሦስት ተኩል ላይ ቁልፍ የሚነካ የለም።

የመጀመሪያው የውኃ ሙከራ የጥቅምት መጨረሻ ነበር። ዝናብ ያካፋል። ጀልባዋን ከተሳቢዋ ሳንለቅቅ ወደ ውኃው አስገባናት፤ ነርሷ የሞተሩን ክዳን አንሥታ በባትሪ ታያለች። «ውኃ!» ብላ ጮኸች። ልባችን ተሰበረ። አራት ቅዳሜ፣ የማኅበር ገንዘብ፣ የተላጠ እጅ። ጎትተን አወጣናት። ባለጀልባዋ ኪሷ ውስጥ እጇን ስትከት የወለሉን ውታፍ አገኘችው። ሳንወትፍ ነው ያስገባናት። እዚያው ዝናቡ ውስጥ ተቀምጠን ሳቅን፤ ከእኛ ቀጥሎ ተራ የሚጠብቀው ሰውዬ ግን አልሳቀም።

ከተወተፈ በኋላ ግማሽ ሰዓት ቆመች። ከወለሉ ሥር ደረቅ። መሪውን እስከ ግራው ጫፍ፣ እስከ ቀኙ ጫፍ አዞርነው፤ ደረቅ። ከዚያ ለቀቅናት። የነዳችው ባለጀልባዋ ናት። እዚህ ግዛት 15 የፈረስ ጉልበትና ከዚያ በላይ ለሚነዳ ሰው የሚያስፈልገውን የጀልባ ትምህርት ካርድ በመስከረም ወር ማታ ማታ ተምራ አውጥታ ነበር፤ ለእኛም አልነገረችንም። ባለቤቷ በሕይወት ሳለ መሪውን ጨብጣ አታውቅም። እሱ «ነይ ልሞክርሽ» ይላት ነበር፤ እሷ ሁልጊዜ ፌስታል ይዛ ሳንድዊች ታድላለች። ያን ቀን እስከ ሰዋርድ ፓርክ ወስዳ መለሰችን፤ በጎኗ ያለችው ቀዳዳ አንዲት ጠብታ አልተፋችም። ከዚያ ለክረምቱ ውርጭ ሞተሩን እንዳይሰነጥቀው ውኃውን አፍስሰን፣ እግሩን ወደ ታች ለቅቀን፣ ሸራዋን አለበስናት።

ሒሳቡ ይህ ነው። ወናፎቹና የማርሽ ገመዱ 255 ዶላር፣ ኩሽኔታው 90፣ ሁለቱ ክሮቸራ 70፣ የውኃ ፓምፑ ዕቃ 80፣ አኖዶቹ 65፣ ዘይት፣ ሙጫ፣ ግራሶና ጓርኒሲዮን 75። ለልዩ መሣሪያዎቹ 230 ወጥቷል፤ እነሱ የማኅበሩ ንብረት ሆነው ይቀመጣሉ። ጠቅላላ 865 ዶላር። ቀሪውን 135 ገንዘብ ያዧ ዛሬ ተረክባለች። ባለጀልባዋ ብድሩን ከመጪው የእቁብ ዙሯ ትከፍላለች፤ የእቁቡ አባላት ተራዋን ስላስቀደሙላት ታመሰግናለች።

በዚህ በጋ ልጆቹ እንደገና ይሳፈሩ ወይስ ይቅር የሚለው በዛሬው አጀንዳ ላይ አለ። የሚፈሩ እናቶች ቢኖሩ አንቀየምም፤ እኛም ያቺን የነሐሴ ቀን አልረሳናትም። ድምፅ ከመስጠታችሁ በፊት ግን መጥታችሁ እንድታዩ እንለምናለን። እግሩ በየዓመቱ ወርዶ ክሮቸራው ግራሶ ይጠጣል፤ ወናፉ በእጅ ተዘርግቶ በየእጥፋቱ ይታያል፤ ዘንጉ ተከትቶ የሞተሩ አቀማመጥ ይለካል። የዘንድሮው የሚያዝያ የመጀመሪያ ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ፣ በባለጀልባዋ ግቢ ነው። እግሩን ለማንሣት ሁለት ተጨማሪ ሰው ብናገኝ ደስ ይለናል። አሮጌ ልብስ ልበሱ። ጥፍር ቀለም ለምትቀቡ ጓንት አለ። ጾም ስለሆነ ምሳው ሽሮ ነው።